ጉና ላይ ያደርንበት ሌሊት

ባለፈው ማክሰኞ ማታ የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ሰላምታው ከወትሮው ስላጠረ የሆነ ነገር እንዳለ ጠረጠርኩ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር» አለኝ። 7ኛ ክፍል የምትማረው ልጁ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር መናገሻ ሱባ ጫካ ሄዳ አንድ ሌሊት ድንኳን ውስጥ ልታድር ነው። ትምህርት ቤቱ ሁለት ወላጆች አብረው እንዲሄዱ ጠይቋል፤ እሱም እጁን አውጥቷል። ፍርሃት የያዘው እጁን ካወጣ በኋላ ነው። «ግን ምኑን ነው የምጠብቀው? ጅቡን ነው ወንዶቹን?» አለኝ።

ሳቅኩ። ወዲያው ግን ሳቄ ቆመ። ይህንኑ ጥያቄ እኔም አንድ ጊዜ ራሴን ጠይቄ፣ ለራሴ የተሳሳተ መልስ ሰጥቼ አውቃለሁና። ለእሱ በስልክ ያጫወትኩትን እዚህም ልጻፈው፤ ልጅ ይዛችሁ ለማደር የምትወጡ ወላጆች አትጠፉም። ቤታችሁ ውስጥ አራስ ወይም አዛውንት ያላችሁም ብታነቡት አይከፋም።

ነገሩ የሆነው በ2007 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ፣ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና ባለቀ ሰሞን ነው። ያኔ ገና ጡረታ አልወጣሁም፤ ደብረ ታቦር በነርስነት እሠራ ነበር። የመጨረሻዋ ልጄ 10ኛ ክፍል ነበረች። የትምህርት ቤታቸው የተፈጥሮ ክበብ ጉና ላይ አንድ ሌሊት ሊያድር ተነሣ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ርብም ጉማራም ከጉና ተነሥተው፣ በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። የባዮሎጂ መምህሩ «ፎገራ ላይ ሩዝ የሚያበቅለውን ውሃ ከምንጩ ታዩታላችሁ» ብሎ ልጆቹን አማልሏቸዋል። ደግሞ ገብሱ ዓመት በዓመት ወደ ላይ እየወጣ፣ አስታውና ጅብራው እየተገፋ መሆኑን በዓይናቸው እንዲያዩት ፈልጓል።

ባለቤቴ ግን አልተዋጠላትም። «ጋፋት አይበቃቸውም? ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበትን ቦታ አይተው ማታ እቤታቸው ይገባሉ። ሴት ልጅ ተራራ ላይ ምን አላት?» ትላለች። ይህችው እናት ባለፈው መስከረም ልጅቷን ከሰንበት ትምህርት ቤት ጋር ለግሸን ማርያም ሸኝታታለች፤ እዚያም ሁለት ሌሊት ሜዳ ላይ ነው ያደሩት። ያን ስነግራት «እሱ ሌላ ነው፣ እመቤታችን አለች» አለችኝ። እመቤታችን ጉና አትወጣም ወይ ብዬ ልጠይቃት ፈልጌ ተውኩት።

በፍርሃቷ ግን አልፈርድባትም። በ1967 ዓ.ም. ታላቅ እህቴ ለዕድገት በሕብረት ዘመቻ ስትሄድ እናቴ አውቶቡሱ ሥር ተቀምጣ እንዴት እንዳለቀሰች አስታውሳለሁ። ያኔ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር ነው ወደ ገጠር የወጣው። ብዙ ቤተሰብ ሴት ልጁን ከቤት ውጭ፣ ከማያውቃቸው ወጣቶች ጋር ሲያሳድር ያ የመጀመሪያው ነበር። አባት አብሮ ይሂድ የሚል ወሬም አልነበረም፤ ግዴታ ነው፣ ተሄደ። እናቴ «ማን ይጠብቃታል?» እያለች ስትጠይቅ የሚመልስላት አጥታ ስትዞር ዓይኔ ላይ አለች። እናም መምህሩ «አንድ ወላጅ አብሮን ቢመጣ» ሲል፣ ያውም የጤና ባለሙያ ቢሆን እንደሚመርጥ ሲናገር፣ እኔ ቀድሜ ተነሣሁ።

ልጄ ሦስት ቅድመ ሁኔታ አቀረበችልኝ። አንደኛ፣ አውቶቡስ ላይ አጠገቧ እንዳልቀመጥ። ሁለተኛ፣ ሰው ፊት በቤት ስሟ እንዳልጠራት። ሦስተኛ፣ ማታ ጭፈራ ካለ እስክስታ እንዳልወርድ። ሦስቱንም ተቀበልኩ። ሦስተኛው ትንሽ ከብዶኝ ነበር።

በመነሻው ዕለት ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ አንዲት አያት ጠጋ አሉኝ። የልጄ የቅርብ ጓደኛ አያት ናቸው፤ ልጅቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጄ፣ አንተ ስለሄድክ ነው የፈቀድኩ። አደራ» አሉኝ። «ኧረ አይሥጉ እማማ» አልኳቸው።

28 ተማሪዎች ነበሩ፤ ከእነሱ 12ቱ ሴቶች። መምህሩ፣ አንዲት የሴት መምህርትና እኔ ተጨምረን፣ በጋሳይ አድርገን ክምር ድንጋይ ደረስን። ከዚያ ከአውቶቡስ ወርደን በእግር ወጣን። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው፤ የጉና ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። የሰፈርነው ከጫፉ ብዙ ዝቅ ብሎ፣ ንፋስ የሚከልል ጉብታ ሥር ነበር። መንገድ ላይ ስለ ከፍታ ሕመም ለልጆቹ ገለጻ አደረግሁላቸው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ እንቅልፍ እምቢ ማለት ሊመጣ ይችላል፤ ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ከባሰባችሁ ንገሩኝ፣ እንወርዳለን አልኳቸው። ያልኩት ሁሉ ትክክል ነበር። በኋላ ያሳተኝም እሱው ትክክለኛው ነገር ነው።

ድንኳኖቹን ተከልን። ለወንዶቹ የአንድ ዕድር ትልቅ ሸራ ተውሰን ነበር (አንድ አያት «ልጄን በለቅሶ ድንኳን?» ብለው ተቆጥተውብናል)። ለሴቶቹ ሁለት አነስ ያሉ ድንኳኖች ነበሩ። በአንደኛው ስድስት፣ በሌላው ስድስትና መምህርቷ ይተኛሉ። የጥር ውርጭ ጉና ላይ ምን እንደሚመስል ስለማውቅ፣ የሴቶቹን ድንኳኖች በላያቸው ላስቲክ አለበስኳቸው፣ ጠርዙንም ዙሪያውን በድንጋይና በአፈር ደፈንኩት። ንፋስ የሚገባበት ቀዳዳ አልተውኩም። ሥራዬን አይቼ ደስ አለኝ።

ከዚያ ዋናው ጥበቃ ተጀመረ። የመኝታ ቦታዬን በወንዶቹና በሴቶቹ ድንኳን መካከል አደረግሁ፤ እሳት አነደድኩ፣ ባናዬን ተከናነብኩ፣ ባትሪዬን ያዝኩ። ከራት በኋላ መምህርቷ ቡና አፈላች፤ ልጆቹ ዘፈኑ፣ ጨፈሩ። ቃሌን ጠብቄ ቁጭ ብዬ አጨበጨብኩ። 3 ሰዓት ሲሆን «እሳት ወደ ድንኳን እንዳይገባ፣ ሻማም ቢሆን፤ ተኙ» አልኩና ሁሉም ገቡ። ከዚያ በኋላ ወንዶቹን ብቻ ነበር የምጠብቀው። አንድ ምስኪን ልጅ ሽንት ሊሸና ቢወጣ ባትሪዬን ዓይኑ ላይ አብርቼ አስደነገጥኩት። እስከ ጠዋት ድረስ ደግሞ አልወጣም፤ እንዴት እንዳደረ እሱ ያውቃል።

4 ሰዓት ላይ ልጄና ጓደኛዋ፣ ማለትም የአያቲቱ ልጅ፣ ወደ እኔ መጡ። ጓደኛዋ ራሷን አሟታል። ልጄም ትንሽ እንዳመማት ነገረችኝ። «ከፍታው ነው፣ ነግሬያችሁ አልነበር?» አልኳቸው። ለሁለቱም ፓራሲታሞል ሰጠኋቸው፣ ውሃ አጠጣኋቸው፣ ትንሽ እሳት ዳር ተቀመጡ። ጓደኛዋ «አሁን ተሻለኝ» ስትል መድኃኒቱ በዚያ ፍጥነት እንደማይሠራ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። «ግቡና ተኙ፣ ጠዋት ደህና ትሆናላችሁ» ብዬ በእጄ ወደ ድንኳኑ መለስኳቸው።

5 ሰዓት አልፎ ከዚያው ድንኳን አንዷ አንገቷን ብቅ አድርጋ አስመለሰች። ይህም ማቅለሽለሽ ነው፤ ከገለጻዬ ጋር ይገጥማል። ውሃ ሰጠኋት፣ ገባች። ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ አንድም ራሱን ያመመው አልነበረም። መምህርቷ ያለችበትም ድንኳን ጸጥ ብሏል። ሁላችንም ያለነው አንድ ከፍታ ላይ ነው። ከ30 ዓመት በላይ በሽተኛ ያየሁ ሰው፣ በሽታ አንድ ቤት ብቻ መርጦ ሲገባ የቤቱን ውስጥ መፈተሽ እንዳለብኝ ለተማሪ ነርሶች ስነግር የኖርኩ ሰው፣ ያን ሌሊት አላየሁትም። ዓይኔ ወንዶቹ ድንኳን በር ላይ ነበር።

6 ሰዓት ተኩል ገደማ ልጄ ብቻዋን ወጣች። አካሄዷ ደስ አላለኝም፤ እንደ ሰካራም ነው የምትረግጠው። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ቅድመ ሁኔታዋን እንደረሳች ሳይ ክፉኛ እንዳመማት ገባኝ። ሌላ ክኒን ልሰጣት ቦርሳዬን ስፈታ፣ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «አባዬ፣ የሚገርም ነገር ነው። ውጭ ስቀመጥ ቀለል ይለኛል። ስገባ ይመለስብኛል» አለችኝ።

እጄ ቆመ። «ውስጥ ምን አለ?» አልኳት።

«ምንም የለም።»

«ምንም?»

«ምድጃው ብቻ። መምህርቷ ቡና ያፈላችበት። እሳት አይደለም አባዬ፣ ፍም ነው። ጢሱ አልቆ ነው ያስገባነው።»

እንዴት እንደሮጥኩ አላስታውስም። ድንጋዩን በእግሬ በተንኩት፣ ላስቲኩን ቀደድኩት፣ የድንኳኑን ካስማ ነቃቅዬ ከነሸራው ገለበጥኩት። መምህሩና አንዱ የአካባቢው ጥበቃ ደረሱልኝ። ምድጃው መሐል ላይ ነበር፤ ከሰል ተጨምሮበት፣ ቀይ ሆኖ፣ ምንም ጢስ የሌለው፣ ሲያዩት የሚያምር ፍም። አምስቱን ልጆች እየጎተትን አወጣናቸው። አራቱ እየተንገዳገዱም ቢሆን ነቁ፤ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ ታስመልሳለች። የአያቲቱ ልጅ አልነቃችም።

ትተነፍሳለች። የልብ ምቷ ፈጣን ነው። ስሟን እጠራለሁ፣ አትመልስም። በጎኗ አስተኛኋት፣ አፏን ጠረግሁ፣ አገጯን ቀና አደረግሁ፣ በባና ሸፈንኳት። ከዚያ በላይ እጄ ላይ ምንም አልነበረም። ያን ጊዜ የሚያስፈልጋት ኦክስጅን ነው፤ ኦክስጅኑ ያለው ሆስፒታል ነው፣ ያለነው ደግሞ ጉና ላይ ነው። ጥበቃው ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ በጣሳ ወተት ይዞ መጣ፤ በአገራችን የከሰል ጋዝ ለመታው ሰው ወተት ይሰጣል። መለስኩት። ራሷን የሳተች ልጅ አፍ ውስጥ ወተት ቢፈስ ሳንባዋ ውስጥ ነው የሚገባው። ልጄ እግሯ ሥር ተቀምጣ ጫማዋን ይዛ ነበር። ዞሬ ላያት አልቻልኩም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ዓይኗን ገለጠች። የት እንዳለች አታውቅም፤ አያቷን ትጠራለች። ያኔ ነው መተንፈስ የቻልኩት። ጥበቃዎቹ ከታች መንደር ሰው ቀስቅሰው ቃሬዛ አመጡ። የማያውቁን ገበሬዎች በዚያ ውርጭ፣ በጨለማ፣ ተራ እየተቀያየሩ ተሸክመው እስከ ዋናው መንገድ አወረዷት። አምስቱንም ከኋላ አስከተልናቸው። ልጄ ባትሪዬን ይዛ ከቃሬዛው ፊት ትሄዳለች፣ መንገዱን ታበራለች። እስከ ታች ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም። አውቶቡሱ ክምር ድንጋይ አድሮ ስለነበር ጎህ ሲቀድ ደብረ ታቦር ደረስን፤ ልጅቷ ኦክስጅን ተደረገላት፣ ዳነች። ሁሉም ዳኑ።

አሁን ምን እንደሆነ ላስረዳ። ከሰል አየር ባጠረው ቦታ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው፤ ይህ ጋዝ ሄሞግሎቢን ላይ የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። አህያዋ ገበያ ሳትደርስ ድንጋይ ከተጫነች እህሉን ማን ይሸከመዋል? እንደዚያ ነው። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ደረቱ ይወጣል ይወርዳል፣ አንጎሉና ልቡ ግን ይራባሉ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ መጀመሪያውኑ ኦክስጅኑ ስለሚያንስ ጉዳቱ ይፈጥናል።

የጋዙ ሕመም ደግሞ ሌላ ሕመም ይመስላል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ግራ መጋባት ነው። ቆላ ብንሆን ኖሮ ወባ፣ ከተማ ብንሆን ጉንፋን እል ነበር፤ ጉና ላይ ከፍታ አልኩ። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የት ሲሆኑ እንደሚያማቸውና ማን ማን እንደታመመ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ያደሩ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ካመማቸው፣ ውጭ ሲወጡ ቀለል ካላቸው፣ ሌላ ምርመራ ሳትጠብቁ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ። በኮሮና ጊዜ ብዙ ቤት የገባው፣ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም እዚህ ላይ ያታልላል፤ ጋዙ የተጣበቀበትን ደም ኦክስጅን እንደያዘ ቆጥሮ ደህና ቁጥር ያሳያችኋል።

ሰውየው ከነቃ በኋላም ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። በተራ አየር ጋዙ ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። አንዳንዱ ደግሞ ደህና ሆኖ ከተመለሰ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ መርሳት፣ የጠባይ መለወጥ፣ የአካሄድ መበላሸት ሊታይበት ይችላል። ያችን ልጅ እስከ ፋሲካ ድረስ በየሳምንቱ እየሄድኩ ሳያት ነበር።

«ጢሱ አልቋል» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ገድሏል። ጢሱ ሲያልቅ ጋዙ አያልቅም፤ ቀይና ንጹሕ የሚመስለው ፍም ነው ዋናው አደገኛ። አያቶች፣ ይህን ስላችሁ ስለ ተራራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አራስ ቤት በር ዘግታችሁ ምድጃ የምታስገቡ አላችሁ፤ ሕፃኑን ስታጥቡ እንዳይበርደው ብላችሁ ነው፣ አውቃለሁ። ጽንስ፣ ጨቅላና አዛውንት በዚህ ጋዝ ከሌላው ይልቅ ይጎዳሉ። መብራት ሲጠፋ ራት የምታበስሉ፣ ክረምት ላይ ቡና አፍልታችሁ ምድጃውን አልጋ ሥር የምታሳድሩም እንዲሁ። ልጆቹ ምድጃውን ሲያስገቡ አላጠፉም ብዬ ነው የማምነው። እሳት አታስገቡ አልኳቸው፣ እሳት አላስገቡም። እቤታቸው እናቶቻቸው የሚያደርጉትን ነው ያደረጉት። ፍምን በስሙ ጠርቼ መከልከል የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ልጽፈው ያመነታሁበትን ክፍል አሁን ልጻፈው። ለወላጆቹ በሙሉ የከሰል ጋዝ መሆኑን ነገርኳቸው። ያልነገርኳቸው ነገር ነበር፤ ልጅቷ 4 ሰዓት ላይ ወደ እኔ መጥታ እንደነበር፣ ክኒን ሰጥቼ በእጄ ወደዚያ ድንኳን እንደመለስኳት አልተናገርኩም። ማንም አልጠየቀኝም። ሰው ሁሉ «ነርስ ባይኖር ኖሮ» ይላል። መምህሩም በስብሰባ ላይ አመሰገነኝ። ይህን ሁሉ ልጄ ትሰማለች። ቤት ውስጥ አልተኳረፍንም፣ ግን ስትናገረኝ ወደ ሌላ እያየች ሆነ።

በአምስተኛው ቀን አያቲቱ ድፎ ዳቦ አስይዘው መጡ። ገና ሳይቀመጡ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ ያዝኳቸው። ባለቤቴ ቡና አቀራረበች። እሳቸው ይመርቁኛል፣ እኔ አሜን እላለሁ። ልጄ ስኒ እያጠበች ነበር፤ እጇን አቁማ ታየኛለች። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። «እማማ፣ ልጅዎ ታማ ወደ እኔ መጥታ ነበር» አልኳቸው። ሰዓቱን፣ ክኒኑን፣ ላስቲኩን በእጄ መድፈኔን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

አያቲቱ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ መልሰህ ከተትካት» አሉ።

«አዎ እማማ።»

«ኋላም አወጣሃት።»

«ልጄ ናት የነገረችኝ፤ እኔ አላወቅሁም ነበር።»

ወደ ልጄ ዞረው ረጅም አዩዋት፣ ከዚያ ወደ እኔ። «ዳቦውን ባርከህ ቁረስልን፣ ይቀዘቅዛል» አሉ። ቆረስኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ በኋላም ከቤታችን አልቀሩም፤ ይቅር ብያለሁ የሚል ቃል ግን ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ልጄ ያን ዕለት ማታ ራት ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

ጉና ላይ ከዚያ ወዲህ ልጆች ይዤ አልወጣሁም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ደግሞ ጦርነቱ እስከ ደብረ ታቦር ደጃፍ ሲደርስ፣ ያ ድንኳን የተከልንበት ተራራ የውጊያ ቦታ ሆነ። ዛሬ በዚያ አካባቢ የሚያድግ ልጅ ስለ ጉና ሌሊት ሌላ ነገር ነው የሚያስታውሰው። ሰላም ሲሆን የርብን ምንጭ የሚያሳያቸው መምህር እንዳይጠፋ እመኛለሁ፤ ያ መምህር መልካም ሰው ነበር።

ለወንድሜ ልጅ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ምድጃ ለቡና ከወሰዱ፣ ቡናው ሲያልቅ ፍሙ ላይ ውሃ ይፍሰስበት፣ ምድጃውም እሱ ራሱ የሚተኛበት አጠገብ፣ ሜዳ ላይ ይደር አልኩት። ለብርዱ ሌላ ዘዴ አለ። በሃይላንድ ጠርሙስ የሞቀ፣ ግን የማያፈላ ውሃ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በካልሲ ጠቅልሎ ብርድ ልብስ ውስጥ ማስገባት ነው፤ እግር ሥር ሲሆን እስከ እኩለ ሌሊት ያሞቃል። ከመተኛታቸው በፊት በሶም ይሁን ዳቦ ይብሉ፣ ባዶ ሆድ ይበርደዋል። ላብ የነካውን ልብስ ይቀይሩ። የድንኳኑን አናት ትንሽ ክፍት ይተው፤ ልጆቹ ብርድ ነው ብለው ቢያለቅሱም።

ደግሞ አንዲት ሴት መምህር ወይም እናት አብራ መሄዷን አረጋግጥ አልኩት። በዚያ ዕድሜ የወር አበባ ድንገት ይመጣል፤ ሴት ልጅ ይህን ለጓደኛዋ አባት አትነግርም፣ ለራሷ አባትም ላትነግር ትችላለች። ቦርሳህ ውስጥ ሞዴስ ያዝ፣ ግን ለመምህርቷ ስጣት እንጂ አንተ እንዳታድል። ሳቀ። «ወንዶቹስ ጋሼ?» አለኝ።

«የ7ኛ ክፍል ወንዶች ናቸው፤ ይራባቸዋል። ምግብ ጨምረህ ያዝ» አልኩት።

የመናገሻው ጉዞ የፊታችን ቅዳሜ ነው። የእሱም ልጅ ቅድመ ሁኔታ አቅርባለታለች፤ ከልጄ በአንድ ትበልጣለች፣ ፎቶ ማንሳትም ከልክላዋለች። አራት ድንኳን፣ ሁለት ጀበናና አንድ ምድጃ ይዘው እንደሚሄዱ ነግሮኛል። ምድጃው የት እንደሚያድር ትናንት ማታ ደውዬ እንደገና ጠይቄዋለሁ።